«ቅጠሉ በሰበሰ» ስንል ራሰ ማለት ነው ወይስ ፈራረሰ?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ በጅረት ውስጥ ስለሚኖሩ ፈንገሶች አጭር ማስታወሻ እያዘጋጀሁ «ወንዝ ውስጥ የወደቀ ቅጠል ይበሰብሳል» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ አንብቦት «ውሃ ውስጥ ገብቶ የማይበሰብስ ምን አለ?» አለኝ። ቃሉን ልለውጠው? ፈንገሶቹንስ «የውሃ ሻጋታ»፣ ከውሃው የሚወስዱትንም «ንጥረ ነገር» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ የባልደረባዎ ትዝብት ትክክል ነው፤ ቃሉን ግን አይጣሉት። ዝናብ የመታውን ሰው «በስብሶ መጣ» እንላለን። እርጥበት የገባበትን እህልም «በሰበሰ» እንለዋለን። ሰውየው እሳት ዳር ቢቀመጥ ይደርቃል፣ እህሉ ግን አይመለስም። ሁለቱን የሚለየው ብዙ ጊዜ አድራጊው ነው፤ «ዝናብ አበሰበሰኝ» ሲባል የሚሳሳት የለም። «ብስባሽ» የሚለው ስም ደግሞ ወደ መፍረሱ ብቻ ያደላል፤ በዝናብ የራሰን ሰው ብስባሽ የሚል አልሰማሁም። ስለዚህ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር የጎደለው አድራጊው ነው።

ወንዙ ውስጥ ሁለቱም መበስበስ በየተራ መፈጸሙ ደስ ይለኛል። ቅጠሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይዘፈዘፋል፤ እንደ ሻይ ቅጠል ቀለሙንና የሚሟሟውን ሁሉ ለውሃው ይለቃል። ለዚህኛው «ተዘፈዘፈ» ወይም «ራሰ» ይበሉ። ከዚያ ፈንገሶቹ ይመጣሉ። ስፖሮቻቸው፣ ማለትም እንደ ዘር የሚራቡባቸው ጥቃቅን አካላት፣ ብዙውን ጊዜ አራት ክንድ ስላላቸው ውሃው ሲያንደረድራቸው እንደ መልህቅ ቅጠሉ ላይ ይያዛሉ። ቀጫጭን ክሮቻቸውን በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ እየዘረጉ በኢንዛይም ሴሉሎሱን፣ ማለትም ቅጠሉን አጠንክሮ የያዘውን ነገር፣ ይፈቱታል፤ «በሰበሰ» የሚለው ቃል በሙሉ ትርጉሙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 እነዚህን ፈንገሶች ጅረት ውስጥ ከወደቁ የአልደር ዛፍ ቅጠሎች ላይ አግኝቶ በዝርዝር የገለጻቸው፣ እንግሊዝ አገር ያስተምር የነበረው የፈንገስ ተመራማሪ ሴሲል ቴረንስ ኢንጎልድ ነው። ስፖሮቹ ፏፏቴ ሥር በሚጠራቀመው አረፋ ውስጥም ይገኛሉ፤ ከተማሪዎችዎ አጠገብ ማይክሮስኮፕ ካለ አንድ ጠብታ አረፋ ቢያሳዩዋቸው ከማንኛውም ማስታወሻ ይበልጣል።

በማስታወሻዎ «ንጥረ ነገር» ያሉትንም «ንጥረ ምግብ» ቢሉት እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው በኬሚስትሪ ትምህርት እንደ ካርቦንና ናይትሮጅን ላሉት መጠሪያ ተይዟል። ነገሩም ምግብ ነው። የወደቀ ቅጠል ካርቦን ይበዛበታል እንጂ ናይትሮጅን ያንሰዋል። ፈንገሶቹ ከሚያልፈው ውሃ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እየወሰዱ በአካላቸው ያከማቻሉ፤ ቅጠሉም ይለሰልሳል፣ ገንቢም ይሆናል። ቅጠል የሚከታትፉ የነፍሳት ዕጮች ፈንገስ ያልገባበትን ትተው የገባበትን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ቅጠሉ ደረቅ እንጀራ ቢሆን ፈንገሱ ወጡ ነው። ዕጮቹን ዓሣ ይበላቸዋል፤ ዛፉ የጣለውም በዚህ መንገድ ወደ ዓሣው ይደርሳል።

«የውሃ ሻጋታ» የሚለውን ግን ይተዉት። በአማርኛ ሻጋታ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ እንጀራው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ካላየን «ሻገተ» አንልም። የጅረቱ ፈንገሶች ግን ቅጠሉ ውስጥ ተሰውረው ነው የሚሠሩት። በዚያ ላይ ሳይንሱ «የውሃ ሻጋታ» የሚለው ኦማይሲት የተባሉትን ነው፤ እነሱ ፈንገስ ይምሰሉ እንጂ ዝምድናቸው ዲያቶም ከሚባሉት ጥቃቅን የውሃ አልጌዎችና ከቡናማ አልጌ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የአየርላንድን ድንች የፈጀው ከእነሱ ወገን ነበር። «እንጉዳይ»ም አይሆንም፤ እንጉዳይ ስንል የምናስበው ባለ ጥላውን፣ ገጠር «የጅብ ጥላ» የሚባለውን ነው። «ፈንገስ» ከሆስፒታል ጋር ተያይዞ በሽታ በሽታ ቢሸትም ሁሉንም የሚይዘው እሱ ነው። ሲያበዙት «ፈንገሶች» ይበሉ። «ፈንጋዮች» የሚለውን ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ «ፈንጋይ» በሚለው የባዕድ ብዙ ቁጥር ላይ የአማርኛውን መደረብ ስለሆነ አልወደውም።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ቢያስተካክሉትስ፦ «ወንዝ ውስጥ የወደቀን ቅጠል በመጀመሪያ ውሃው ይዘፈዝፈዋል፤ ከዚያ ፈንገሶች ያበሰብሱታል።»