መልስ፦ በክረምት ለሚቆመው የእንጨት ሰዓት

ጎንደር ያለው የእንጨት ሰዓቴ በክረምት ይቆማል፣ ዘይት ልጨምርበት ወይ ላልከው፣ አትጨምር። የእንጨት ማርሽ በሐምሌና በነሐሴ የሚቆመው የጎንደርን እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ ነው። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አያብጥም፣ በወርዱ ግን ያብጣል፤ ስለዚህ ከአንድ ጣውላ የተቆረጠ ክብ ማርሽ ሞላላ ይሆንና ጥርሶቹ ይያያዛሉ።

መጀመሪያ ግን ግድግዳው ላይ አሰቃቀሉን ተጠራጠር። ጆሮህን አስጠግተህ ስማ፤ ምቱ እያነከሰ ከሆነ ሰዓቱ ዘሟል። ሁለቱ ምቶች እኩል እስኪራራቁ ድረስ የሳጥኑን ግርጌ በትንሽ በትንሹ ወደ ጎን ግፋ። ብዙ «ተበላሸ» የተባለ ሰዓት እዚህ ላይ ይድናል።

አሁንም ከቆመ፦
1. የቆመበትን ጥርስ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ሁልጊዜ እዚያው ከቆመ ጥፋተኛው እሱ ነው።
2. የማርሾቹ ዘንጎች የሚዞሩበት ቀዳዳ ላይ የተፈጨ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) ነስንስ። ዘይት እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ አቧራም ይለጥፍበታል።
3. ከድንጋዩ ግድግዳ 2 ሳንቲሜትር ያህል አርቀው፣ ከጀርባው አየር ይግባ።

ከዘገየ የፔንዱለሙን (የሚወዛወዘውን ዘንግ) ዳዶ ወደ ላይ አጥብቅ፤ በ25 ሳንቲሜትር ፔንዱለም 1 ሚሊሜትር ማሳጠር በቀን 3 ደቂቃ ገደማ ያፈጥናል።

አደራ፣ ያበጠውን ጥርስ በክረምት በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው። በጥቅምት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የፋቅከውን ደግሞ መመለሻ የለውም።