እናቴ በርበሬ ያሰጣችበት ባነር

አሜሪካ ሆናችሁ ለአገር ቤት ምርጫ ንቅናቄ የምትደግፉ ወገኖቼ፣ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሜሪላንድ ኖሬ የተመለስሁ ነኝና የምወቅሳችሁ በማላውቀው ነገር አይደለም።

1. ወረቀት። በቪዛ ያላችሁ ለአሜሪካ ምርጫ ገንዘብ ማዋጣት አትችሉም። ግሪን ካርድ የያዘ ማዋጣት ይችላል፤ የአገሪቱን ፕሬዚዳንት መምረጥ ግን አይችልም። ዜግነት የቀየራችሁ ደግሞ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ብትይዙም እዚህ ኢትዮጵያ አትመርጡም፣ አትመረጡም። ጨረስሁ።

2. የግቢ ምልክት። እዚያ ሰው ደጁ ባለው ሣር ላይ በሁለት የሽቦ እግር የምትቆም ቀጭን የፕላስቲክ ሰሌዳ ይተክላል፤ መንገደኛው መኪናውን እየነዳ ያነባታል። ምርጫው ሲያልፍ ይነቅላታል። እኛ ዘንድ ግን ግቢ ማለት ከቆርቆሮ አጥር በስተጀርባ ያለው ነው፤ እዚያ የተከላችሁትን የምታነበው ዶሮ ናት። ይህን እያወቅሁ የንቅናቄያችን ስም በትልቁ የተጻፈበት የሁለት ሜትር ባነር አሳትሜ በሰው ላክሁ። ታናሽ ወንድሜ በውጭ በኩል አጥሩ ላይ ሰቀለው። በሦስተኛው ቀን ማን እንዳሰቀለው ሲጠየቅ ዋለ። እኔ ያን ዕለት ሥራ ውዬ፣ ማታ ፎቶግራፉን ለጓደኞቼ እያሳየሁ ነበር። ወደ አገሬ ስመለስ ባነሩን ጓሮ አገኘሁት፤ እናቴ ገልብጣ በርበሬ አስጥታበታለች። «ጥሩ ፕላስቲክ ነው ልጄ፣ ከታች እርጥበት አያሳልፍም» አለችኝ።

3. ቴሌቪዥን። የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። በሳተላይት ጣቢያ የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ለመግዛት ስንት የእራት ግብዣ ደገስን፣ ስንት ጨረታ አጫረትን! ማስታወቂያው የሚተላለፈው በዋሽንግተን ምሽት 2 ሰዓት፣ ሁላችንም ከሥራ ስንገባ ነበር። በእነሱ የበጋ ሰዓት ይህ ባሕር ዳር ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት ጣና ዳር የነቃ ሰው ቢገኝ መረቡን ሊያነሣ የደንገል ታንኳውን የሚገፋ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እሱም ቴሌቪዥን ይዞ አይቀዝፍም። ከፍለን ራሳችንን አየን፤ ከዚያም «ሕዝቡ ተነሣ» እያልን ተደዋወልን። ለእናቱ የመድኃኒት ገንዘብ ያዘገየ ሰው ለዚህ ጨረታ አምስት መቶ ዶላር ሲጠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ሰው እኔ ነበርሁ ብል አልዋሸሁም።

በምርጫ ወቅትማ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ለተወዳዳሪ ፓርቲዎች ነጻ የአየር ሰዓት ይመድባሉ፤ በ2013 ምርጫም ተመድቧል። የጠፋው በዚያ ሰዓት የሚነገር ቁም ነገር ነው። መራጩ ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚፈልገው ደግሞ የፓርቲውን ምልክት ነው። በ1997 የኢሕአዴግን ንብና የቅንጅትን ሁለት ጣቶች ሕፃን ሳይቀር ይለይ ነበር። ያ የሆነው ሰው በእድር ድንኳን ውስጥ፣ በቡና ላይ፣ በገበያ መንገድ አፍ ለአፍ ስላወራው ነው። ንቅናቄ ከሥር ይጀምራል ስትሉ ሥሩ ቨርጂኒያ ያለ አዳራሽ ነው እንዴ?

4. ባነር ከመላካችሁ በፊት ደውሉ። አጥሩ የማን ነው? ሲጠየቅ የሚቀርበውስ ማን ነው? እኔ አልደወልሁም። ወንድሜ ስለዚያ ቀን እስካሁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።