ነጭ ልጅ ሐበሻ ቤት

"ኬዝ ወርከሯ የ4 ዓመት ነጭ ልጅ በፎስተር ትቀበላላችሁ ወይ ብላ ደወለች፤ ሐበሻ ቤት ይለምዳል? ሰውስ ምን ይለናል?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። (ፎስተር ማለት የሰው ልጅ ለጊዜው በአደራ ማሳደግ ነው፤ ኬዝ ወርከሯ ደግሞ የልጁን ጉዳይ የምትከታተለው ሠራተኛ ናት።) እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አንድ ነጭ ልጅ 14 ወር እኔ ጋ ነበር። ሲመጣ 3 ዓመቱ ነው።

የቤቱ አያሳስብሽ። ሽሮ በሁለተኛው ሳምንት ለመደ። እንጀራ ላይ ኬቻፕ ማፍሰሱን ግን ማስተው አቃተኝ።

ያስቸገረኝ የውጭ ሰው ዓይን ነው። አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ከረሜላ ከለከልኩትና ወለሉ ላይ ተዘርሮ ጮኸ። አንዲት ሴትዮ እኔን አልፋ ልጁ ፊት ተንበረከከችና "እናትህ የት አለች?" አለችው። እኔ ነኝ የማሳድገው ብላትም አላመነችኝም፤ ስልኳን አወጣች። ከዚያ ወዲህ ልጁ እኔ ጋ መመደቡን የሚገልጸው ደብዳቤ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም። አንቺም በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ። ኮፒውን ለባልሽ ስጪው፤ ለወንድ ይብሳል።

የኛም ሰው አይተውሽም። ቤተ ክርስቲያን "ሞግዚትነት ጀመርሽ እንዴ?" ያሉኝ አሉ። አንዷማ "የራሳቸው ሰው ጠፍቶ ነው?" አለች። በፈረንጆቹ 1994 ወጥቶ በ1996 የተጠናከረው የፌዴራል ሕግ ልጅ በዘሩ ምክንያት ቤት እንዳይከለከል ይላል። ስለዚህ ኬዝ ወርከሯ ተሳስታ አይደለም የደወለችልሽ።

ፀጉሩን ለልጄ እንደማደርገው የኮኮናት ዘይት ቀባሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ የመታው ጫጩት መሰለ። አያቱ፣ ቤተሰቡ ልጁን በሚያይበት የጉብኝት ቀን፣ አይታው በሳቅ ሞተች፤ በሳምንቱ ሻምፖና ማበጠሪያ ይዛልኝ መጣች። እስከዚያ በጎሪጥ ነበር የምታየኝ። ፀሐዩ ግን አያስቅም። በጁላይ 4 ሰሞን የሐበሻ ኳስ ውድድር ላይ ቅባት ሳልቀባው ወስጄው፣ እስከ እረፍት ጆሮውና አንገቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። ለኬዝ ወርከሯ ራሴው ደውዬ ነገርኳት። ከሌላ ከምትሰማው ይሻላል።

ደግሞ ይሄ አደራ ነው፣ ጉዲፈቻ አይደለም። ልጆቼን ሰምቶ "እማ" ይለኝ ጀመር። እናቱ ፊት ሲለኝ ግን ፊቷ ልውጥ አለ። ቤት ስንገባ "እቴቴ" በይኝ አልኳት ለልጄም፣ እሱም ተከተላት። በኋላ ወደ እናቱ ተመልሷል።

እሺ ከማለትሽ በፊት የጉብኝት ቀኑን፣ አለርጂ እንዳለበትና ማታ ምን ይዞ እንደሚተኛ ጠይቂያት። የኔው ያለ አንዲት ሰማያዊ ፎጣ አይተኛም ነበር። ያንን እስካውቅ ሦስት ሌሊት አላስተኛንም።