አሚኖ አሲድና አራቱ የፕሮቲን ደረጃዎች፦ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ጥያቄና መልስ

መምህር፦ መርሃባ ልጆች። ጥያቄው ክፍት ነው፤ በየሰፈራችሁ ስም ጠይቁ፤ ግን ከላይ የተመለሰውን ሳታነቡ አትጠይቁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ እንቁላል ሲፈላ ፔፕታይድ ቦንድ (አሚኖ አሲዶችን አያይዞ የፕሮቲን ሰንሰለት የሚሠራው) አይበጠስም። ፕራይመሪው (የመጀመሪያው ደረጃ፣ የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል) እንዳለ ነው።

ሆጤ፦ መምህር፣ የፔፕታይድ ቦንድ ብዛት የአሚኖ አሲዱ ብዛት ሲቀነስ 1 ነው አይደል?

መምህር፦ ሰንሰለቱ አንድ ከሆነ ብቻ። ቀመሩ የአሚኖ አሲድ ብዛት ሲቀነስ የሰንሰለት ብዛት ነው። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ አለው፤ በሁለት ሰንሰለት፣ 21 እና 30። ስለዚህ ፔፕታይድ ቦንዱ 49 ነው፤ 50 የጻፈ ተሳስቷል። ክብደት ሲሰላ ለእያንዳንዱ ቦንድ አንድ ውሃ፣ ማለትም 18 ይቀነሳል፦ ሁለት ግላይሲን 75 + 75 − 18 = 132። ዳይሰልፋይድ (ሁለት ሰልፈሮች የሚሠሩት ቦንድ) ካለ ደግሞ ለእያንዳንዱ 2 ሃይድሮጅን ትቀንሳለህ፤ ኢንሱሊን 3 አለው።

ቧንቧ ውሃ፦ ፕሮቲን አልገባኝም፣ ቢያስረዱኝ።

መምህር፦ የቱ ጋ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

አራዳ፦ አልፋ ሄሊክስን (ሰንሰለቱ እንደ ስፕሪንግ የሚዞርበትን ቅርጽ) የያዘው ሃይድሮጅን ቦንድ በየትኞቹ አተሞች መካከል ነው? ማስታወሻችን «በአሚኖ አሲዶች መካከል» ብሎ ያልፋል።

መምህር፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው። ቦንዱ በዋናው ሰንሰለት አተሞች መካከል ነው፤ አር ግሩፕ (አንዱን አሚኖ አሲድ ከሌላው የሚለየው የጎን ክፍል) አይገባበትም። የ1ኛው አሚኖ አሲድ ሲ-ኦ (ካርቦንና ኦክስጅን) ከ5ኛው ኤን-ኤች (ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን) ጋር፣ የ2ኛው ከ6ኛው ጋር፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲድ ይይዛል፣ 5.4 አንግስትሮም ይረዝማል፤ 36 አሚኖ አሲድ ያለው ሄሊክስ 10 ዙር፣ 54 አንግስትሮም ነው። አር ግሩፖቹ ወደ ውጭ ወጥተው ይቆማሉ። ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ በ1951 ይህን ያወጡት ፔፕታይድ ቦንድ ጠፍጣፋና የማይሽከረከር መሆኑን ስለያዙ ነው። ፕሮሊን ሄሊክሱን የሚያጎብጠው ናይትሮጅኑ ከራሱ አር ግሩፕ ጋር ቀለበት ስለሠራ ነው፤ የሚሰጠው ሃይድሮጅን የለውም። በመጀመሪያው ዙር ላይ ግን ችግር የለበትም፤ እዚያ ያሉት ኤን-ኤቾች ከኋላቸው የሚይዙት ሲ-ኦ ስለሌለ።

ሮቢት፦ ታዲያ ሃይድሮጅን ቦንድ የሴኮንደሪ (የሁለተኛው ደረጃ፣ እንደ ሄሊክስ ያለው) ብቻ ነው ማለት ነው?

መምህር፦ አይደለም! አር ግሩፕ ከአር ግሩፕ ጋር የሚሠራው ሃይድሮጅን ቦንድ ተርሸሪ (ሦስተኛው ደረጃ፣ የሙሉው ሰንሰለት አጠቃቀለል) ነው። የቦንዱን ስም ሳይሆን ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ እዩ። ተርሸሪ ላይ ዋናው ጉልበት ውሃ ጠል የሆኑት፣ እነ ቫሊንና ሉሲን፣ ወደ ውስጥ መሸሸጋቸው ነው።

ፒያሳ፦ ማዮግሎቢን ኳተርናሪ (አራተኛው ደረጃ፣ የሰንሰለቶች መገጣጠም) አለው?

መምህር፦ የለውም። አንድ ሰንሰለት፣ 153 አሚኖ አሲድ። ሄሞግሎቢን ግን አራት ሰንሰለት ነው።

ኮምቦልቻ፦ መምህር፣ የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን ኦቫልቡሚን በ80 ዲግሪ አካባቢ ከተፈታ (አጠቃቀለሉን ካጣ)፣ ደሴ ላይ እንቁላል ለምን ይቆያል? እኛ ጋ ቶሎ ይደርሳል።

ፒያሳ፦ ብርዱ ነዋ!

ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ ብርዱ ድስት ውስጥ ይገባል እንዴ? የሃረጎን ዳገት የወጣ ሁሉ ምክንያቱን ብርድ ያደርገዋል።

ፒያሳ፦ እናንተ ደግሞ ሙቀታችሁን ሸጣችሁ ልትበሉ ነው።

መምህር፦ አብሽሩ፣ ተዉት። የአየር ግፊት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ በ94። ሁለቱም ከ80 በላይ ናቸው፤ ግን ሙቀቱ ወደ እንቁላሉ መሃል የሚገባው በልዩነቱ መጠን ነው፣ መፈታቱም ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ይጎድላል እንጂ ከ92 አያልፍም። ክዳኑ የሚጠብቅ የግፊት ድስት ነው መፍትሔው።

ሸዋ በር፦ ሲፈላ ግን ፕራይመሪው ይጠፋል አይደል?

መምህር፦ መጀመሪያ ምን አልኩ? አይጠፋም! ፔፕታይድ ቦንድ በላቦራቶሪ የሚቆረጠው በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በታሸገ ቱቦ፣ በ110 ዲግሪ፣ 24 ሰዓት ነው። ያኔም ትሪፕቶፋን ይጠፋል። የእናንተ ድስት ይህን አያደርግም።

አራዳ፦ ካልተበጠሰ እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ለምን ወደ ቀድሞው አይመለስም?

መምህር፦ የተፈቱት ሰንሰለቶች ውሃ ጠል ክፍላቸው ተገልጦ እርስ በርሳቸው ስለተጣበቁ። ሳይጣበቅ ከተፈታ ይመለሳል። ክርስቲያን አንፊንሰን ሪቦኑክሌዝ የሚባለውን 124 አሚኖ አሲድ ያለው ኤንዛይም አጠቃቀለልን በሚፈታ 8 ሞላር ዩሪያና ዳይሰልፋይድን በሚቆርጥ መርካፕቶኢታኖል ፈታው፤ ሁለቱን ሲያወጣቸው በራሱ ተጠቅልሎ መሥራት ጀመረ። ዩሪያው ሳይወጣ ዳይሰልፋይዱ እንዲታሰር ሲደረግ ግን 4ቱ ቦንዶች በዘፈቀደ ተገናኙ፤ የቀረው ሥራ 1 በመቶ ገደማ ነበር። አጠቃቀለሉን የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ ለጡንቻ የትኛው የፕሮቲን ዱቄት ይሻላል?

መምህር፦ አልፋለሁ።

ሰኞ ገበያ፦ ባዩሬት (የፕሮቲን መፈተሻ) ስንሠራ ወይን ጠጅ ቀለም አልመጣም፤ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

መምህር፦ ኮፐር ሰልፌት አብዝታችኋል፤ የራሱ ሰማያዊ ሸፈነው። 2 ሚሊ ሊትር የእንቁላል ነጭ በውሃ የቀጠነ፣ 2 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ቀላቅሉ፤ ከዚያ 1 በመቶ ኮፐር ሰልፌት ከ3 እስከ 5 ጠብታ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ቆዳ ይበላል፤ ጓንት አድርጉ። አታሙቁት። ናሙናችሁ ነጠላ አሚኖ አሲድ ከነበረ ደግሞ ወይን ጠጅ አይመጣም፤ ቢያንስ ሁለት ፔፕታይድ ቦንድ ይፈልጋል። ለነጠላው ኒንሃይድሪን (የአሚኖ አሲድ መፈተሻ) ውሰዱ፤ ፕሮሊን ቢጫ ቢሰጣችሁ አትደንግጡ።