«አስቂኝ» ላይ ያለችው «ኝ» ከየት መጣች?

ጥያቄ፦ ስለ «ጆኒ ኢንግሊሽ» ፊልም አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «አስቂኝ የሰላይ ፊልም» ልበል ወይስ «የአስቂኝ ሰላይ ፊልም»?

መልስ፦ ሁለቱም ሰዋስዋቸው የቀና ነው። በመጀመሪያው የሚያስቀው ፊልሙ ነው፤ በሁለተኛው ሰላዩ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው በዚህ ፊልም ሮዋን አትኪንሰን የሚጫወተው ሰው የቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ የሠለጠኑት ሰላዮች ሲያልቁ ተራው ደረሰው። በጃንጥላ ከሰማይ ወርዶ፣ ከሁለት ተመሳሳይ ሕንፃዎች የተሳሳተውን ይገባና ሆስፒታል ውስጥ በሐኪምና በሕመምተኛ ላይ መሣሪያ ይደግናል። አንዴም አይቀልድም። የፊልሙ ጣዕም እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው ሥራውን ከልቡ ይዟል፣ የሚስቀው ተመልካቹ ነው። ስለዚህ «ቀልደኛ ሰላይ» ብለው እንዳይጽፉ፤ ቀልደኛ ዐውቆ የሚያስቅ ነው።

«ሰላይ» ከ«ሰለለ» የወጣ ነው፤ «ከፈለ» «ከፋይ» እንደሚሆን ሁሉ «ል» ወደ «ይ» ዞሯል። ግእዙ ሰላዮችን «ሰብአ ዐይን» ይላቸዋል፤ የዐይን ሰዎች። እንዴት ያለ ስም ነው! አንዳንዶች ይህን «ሰለለ» «እጁ የሰለለች ሰው» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ያደርጉታል፤ ሰላይ ድምፁን አስልሎ ስለሚሄድ ነው ይላሉ። አልቀበለውም። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይሆንም።

እኔን የሚቆረቁረኝ ግን «አስቂኝ» ነው። «አሳዛኝ» ውስጥ ያለው «ኝ» የ«አዘነ» «ን» ነው፤ «አዝናኝ» ውስጥ ያለውም የ«ተዝናና»። «ሳቀ» ግን የግእዙ «ሠሐቀ» ነው፤ የሳራ ልጅ የይስሐቅ ስምም የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው። በዚህ ሥር ውስጥ «ን» የለም። ከ«አሳቀ» በደንቡ የሚወጣው «አሳቂ» ነው። «አስቂኝ» የተቃራኒውን የ«አሳዛኝ»ን ጭራ ተውሶ የቀረ ይመስለኛል። በዚያ ላይ «አስቂኝ ምክንያት» ስንል ንቀት አለበት፤ ይህ ፊልም ደግሞ ሰውየውን አይንቀውም፣ በመጨረሻ ያሸንፋል። «አሳቂ» ከዚህ ንቀት ንጹሕ ነበር።

ለዓመታት በተማሪዎቼ ጽሑፍ ላይ «አስቂኝ»ን በቀይ ስሰርዝ ኖሬአለሁ። አልጠፋም። ጋዜጣው፣ ሬድዮው፣ የፊልም ማስታወቂያው ሁሉ የሚለው እርሱን ነው፤ «አሳቂ ፊልም» ቢሉ አንባቢ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ሳልወድ እላለሁ፦ «የአስቂኝ ሰላይ ፊልም» ብለው ይጻፉ። በራሴ ጽሑፍ ግን «አሳቂ» ማለቴን አልተውም።