ከሻጋታ አዲስ ውህድ ለምትፈልጉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አንድ ሻጋታ በቤተ ሙከራ የሚሰጣችሁን ውህድ ብቻ አይታችሁ አቅሙ ይህ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱበት አደራ እላችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 አስፐርጊለስ ኒዱላንስ የተባለው ሻጋታ ጂኖም (ሙሉ የዘረመል መረጃው) ተነቦ ሲታተም፣ ውህድ ለመሥራት የሚያገለግሉት የዘረመል ዘለላዎች (ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረው የሚሠሩ ዘረመሎች) ከዚህ ሻጋታ ተለይተው ከታወቁት ውህዶች እጅግ በልጠው ተገኙ፤ አብዛኞቹ በተለመደው አያያዝ ሥራ ሳይጀምሩ የሚቀሩ ናቸው።

በጀርመን ዬና ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ዘለላዎች አንዱን ያስነሡበት መንገድ ዛሬም ለጀማሪ የማሳየው ነው። በዘለላው ውስጥ ሌሎቹን ዘረመሎች ወደ ሥራ የሚያስገባ የአንድ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ዘረመል ነበረ። የእርሱን ተጨማሪ ቅጂ ከአልኮል ማፍረሻ ዘረመል በተወሰደ ፕሮሞተር (ዘረመልን ሥራ የሚያስጀምር የዲኤንኤ ክፍል) ሥር አድርገው ወደ ሻጋታው አስገቡት። ይህ ፕሮሞተር ግሉኮስ ባለበት ይዘጋል፤ ግሉኮሱ ቀርቶ ኤታኖልን የመሰለ ቀስቃሽ ሲያገኝ ይከፈታል። በዚህ ዘዴ መላው ዘለላ ተነሥቶ አስፒሪዶን ኤ እና ቢ የተባሉትን ውህዶች ሰጠ፤ ውጤቱም በ2007 ታተመ። አንድ ዘረመል በመንካት ሙሉ የኬሚስትሪ መሥመር መክፈት መቻሉ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ጽናታችሁ የሚፈተነው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በክሮማቶግራሙ (ውህዶች ተለያይተው እንደ ጫፍ በሚታዩበት ግራፍ) ላይ አዲስ ጫፍ ስታዩ፣ ያ ውህድ ካስነሣችሁት ዘለላ መምጣቱን ማረጋገጥ አለባችሁ፤ ለዚህም ዋናውን ኢንዛይም የሚሠራውን ዘረመል አጥፍታችሁ ጫፉ አብሮ መጥፋቱን እዩ። ከዚያ ብዙ ሊትር ማሳደግ፣ ማጥራት፣ በኤንኤምአር (በማግኔት ኃይል የሞለኪውልን አሠራር በሚያሳይ መሣሪያ) መዋቅሩን መፍታት ይከተላል፤ ክብደቱን ማወቅ ብቻውን መዋቅሩን አይነግራችሁም። በዚህ ድካም መጨረሻ ላይ ውህዱ ቀድሞ የታወቀ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ማጥራቱን ከመጀመራችሁ በፊት ከተመዘገቡት ጋር አስተያዩት። ዘረመሉን ተምራችሁ ኬሚስትሪውን ለሌላ ሰው አትተዉት፤ በእኔ እምነት ይህን ሥራ በሁለቱም እጅ የሚይዝ ሰው እጅግ ያስፈልገናል።

አዲስ ውህድ ሁሉ መድኃኒት አይደለም፤ የምታስነሡት ዘለላ መርዝ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ይኸው አስፐርጊለስ ኒዱላንስ ራሱ አፍላቶክሲን ለተባለው የሻጋታ መርዝ ቅድመ ውህድ የሆነውንና ራሱም መርዝ የሆነውን ስቴሪግማቶሲስቲን ያመርታል። ስለዚህ የዚህን መርዝ ዘለላ ከመነሻው ባጠፋችሁበት ዝርያ ላይ ሥሩ፤ ጤናችሁን ይጠብቃል፣ አዲሱንም ውህድ ከሌላው ለይቶ ለማየት ያቀልላችኋል።