እማዬ ልጁን በሆዱ ታስተኛዋለች

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ የ3 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ስወልድ ልታርሰኝ የመጣችው እማዬ እስካሁን አለች፣ እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር። አሁን ስራ ጀምሬ የማታ ሺፍት ስገባ እሷ ናት የምታስተኛው። ከሆስፒታል ስንወጣ በጀርባው ብቻ አስተኙት ብለውናል፣ እሷ ግን ገና በሩን ስዘጋ በሆዱ ገልብጣ ጋቢዋን ትደርብበታለች፣ «ወተቱ ቢመለስ ትን ብሎት ይቀርብኛል፣ አንቺንም እንዲሁ ነው ያሳደግኩሽ» ትላለች። ባለቤቴ ደሞ ትንፋሽ የሚከታተል ካልሲ ገዝተን እንገላገል ይላል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ልክ ሆስፒታሉ ነው፣ ግን እናትሽንም አትቆጫት፣ እዛው አሜሪካም ድሮ በሆዳቸው ነበር የሚያስተኟቸው። በፈረንጆቹ 1992 ነው የህፃናት ሀኪሞቹ ማህበር በሆዳቸው አታስተኟቸው ያለው፣ 1994 ላይ ዘመቻ ተጀመረና በጥቂት አመታት ውስጥ የሲድስ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሲድስ ማለት ያው ጤነኛ የነበረ አመት ያልሞላው ልጅ ተኝቶ በድንገት ሲሞትና ተመርምሮም ምክንያቱ ሲጠፋ ነው፣ በብዛት የሚያጋጥመው ደሞ ከ2 እስከ 4 ወር፣ ማለትም ልክ ያንቺ ልጅ እድሜ ላይ።

የትንታውን ነገር እንዲህ አሳያት። ጉሮሮዋን ከፊት በጣቷ ትንካው፣ ያ ጠንከር ብሎ የሚጎረብጣት የአየር ቧንቧው ነው፣ የምግቡ ከኋላው ነው ያለው። ስለዚ ልጁ በጀርባው ሲተኛ አየሩ ከላይ ምግቡ ከስር ይሆናል፣ የተመለሰ ወተት ሽቅብ ካልወጣ አየር ቧንቧ ውስጥ አይገባም፣ ልጁ መልሶ ይውጠዋል። በሆዱ ስትገለብጠው ግን የአየር ቧንቧው ከስር ይሆንና ወተቱ ወደሱ ይወርዳል፣ የፈራችው ነገር እኮ እዚህ ጋ ነው ያለው!

እኔን ከሁሉም ያስፈራኝ ግን አንቺ በጀርባው እሷ በሆዱ መሆኑ ነው፣ ጀርባውን የለመደ ልጅ አልፎ አልፎ በሆዱ ሲተኛ አደጋው ሁሌም በሆዱ ከሚተኛው ልጅ እንኳን ይብሳል። ስለዚ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ክሪቡን (የህፃኑን አልጋ) አልጋዋ አጠገብ አስጠጉት፣ ፍራሹ ጠንካራና ዝርግ ይሁን፣ ከአንሶላው በቀር ትራስም አሻንጉሊትም ምንም አይግባ። ጋቢውን እሷው ትልበሰው፣ ሙቀት ሲበዛበትም ፊቱ ሲሸፈንም አደጋ ነው፣ ለሱ ስሊፕ ሳክ (እንደ ልብስ የሚለበስ የህፃን መኝታ ከረጢት) ይበቃዋል። ሶፋ ላይ አቅፋው እንዳታሸልብ፣ ይሄ አልጋዋ ላይ አብራው ከመተኛትም የባሰ ነው። ጡትሽም ፓሲፋየርም (አፉ ውስጥ የሚጠባው ጎማ) ይጠቅማሉ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ አይድረስ። በሆዱ ማየት ደስ ካላት ነቅቶ ሳለ እያየችው ታስተኛው፣ አንገቱም ይጠነክርለታል።

ካልሲው ሲድስን እንደሚከላከል የተረጋገጠ ነገር የለም፣ እሱን ተማምናችሁ በሆዱ ካስተኛችሁት ጭራሽ ጎዳችሁት። ለ4 ወሩ ክትባት ስትሄጂ እናትሽን ይዘሻት ግቢ፣ አማርኛ አስተርጓሚ ቀድመሽ ጠይቂ፣ ካንቺ አፍ የማትሰማውን ከዶክተሩ ትሰማለች።